ስምንት ከአስር

ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ጥድፊያ ይላታል። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ በሰባት ወሯ የተወለደችውን ሕፃን አቅፋ «እናቷ ሆድ ውስጥ እንኳ መጠበቅ ያቃታት!» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛው ስሟ ለመዝገብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ስም እንኳ በልክ ሲሰፋ እንዲህ ነው። ጥድፊያ ሻይ ሳይበርድ የምትጠጣ፣ ደረጃ ሁለት ሁለቱን የምትወጣ፣ ሰው ነገር ሲጀምር እሷ የምትጨርስ ልጅ ናት። ታዲያ ከስንቱ ሙያ መርጣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር የገባችው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የንግግር ሕክምና! ሰው አንዲት ቃል እስኪያወጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ዋናው ሥራ የሆነበት ሙያ። አይ የሰው ምርጫ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ እሷ ግን ሦስት ዛፍ ላይ ነበረች። ጠዋት ክፍል ነው፤ የአንጎል ክፍሎች፣ የጉሮሮ ነርቮች፣ በየሳምንቱ ፈተና፣ በየአስራ አምስት ቀኑ ጽሑፍ። እኩለ ቀን ላይ ክሊኒክ ነው፤ በመምህር ቁጥጥር ሥር ሆኖ ሕመምተኛ ማከም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንጀራ ነገር፣ ሥራ፤ ዕቃ በየቤቱ የሚያደርስ ድርጅት የስልክ ማዕከል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ የደንበኛ ቅሬታ ትቀበላለች። እዚያ ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ዘጠና ሲያልፍ ይቀላል፤ ሰዓቱ ሲቀላ አለቃው ከወንበሩ ይነሳል። ስለዚህ ደንበኛው «ዕቃዬ እስካሁን…» ሲል ጥድፊያ «አልደረሰም፣ ይቅርታ፣ የትዕዛዝ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ብላ ትቀበለዋለች። በዚህ ችሎታዋ ሁለት ጊዜ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብላ ፎቶዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ምሳዋን የምትበላው አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው የማጥኛ ካርድ። አንድ ቀን ካርዱን ልትነክሰው ምንም አልቀራትም።

ክሊኒኩ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የእሷ ክፍል ሦስት ቁጥር ናት፤ አንድ ክብ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ጣሪያው ሥር አልፎ አልፎ የሚንኮሻኮሽ የውሃ ቧንቧ። ከተማሪዋ ወንበር በስተጀርባ ትልቅ መስታወት አለ። ከዚህ ወገን ሲያዩት መስታወት ነው፤ ከወዲያኛው ክፍል ሲያዩት ግን መስኮት ነው። መምህርቷ እዚያ ትቀመጥና፣ ማዳመጫ አድርጋ፣ ተማሪዋ የምትሠራውን ትከታተላለች። ንግግር አስተማሪ ሆና ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን የሰጠቻት መመሪያ ይኸው ብቻ ነበር፤ «ሥዕሉን አሳዪ፣ ጠይቂ፣ ዝም በዪ፣ ጠብቂ።»

«እስከ መቼ ልጠብቅ መምህር?»

«በሆድሽ እስከ አስር ቁጠሪ። ያንቺን አስር አይደለም፣ የሰውን አስር።»

የምታክማቸው ሰው አንድ አዛውንት ሹፌር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው፣ ጡረታ በወጡ በሰባተኛው ወር ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ደከመ። እግራቸው እያደር ተመለሰላቸው፤ ንግግራቸው ግን እንደሄደ ቀረ። የሚባለውን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ቀልድ ከሆነም ከሁሉ ቀድመው ይስቃሉ። መናገር የሚፈልጉትንም አሳምረው ያውቁታል። ቃሉ ነው እምቢ የሚለው። አፋቸውን ከፍተው ይታገላሉ፣ «እ… እ…» ይላሉ፣ ከዚያ ደህናውን እጃቸውን በተስፋ መቁረጥ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርጉታል።

ባለቤታቸው አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ጥግ ባለችው ወንበር ይቀመጣሉ፤ መቀመጡ ባልከፋ፣ ዝም ማለት ግን አልፈጠረባቸውም። ጥድፊያ በመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ ምን ብለው መናገር ቢችሉ ደስ ይልዎታል?» ብላ ሹፌሩን ስትጠይቅ፣ ሹፌሩ ገና ትንፋሽ ሲስቡ እሳቸው ቀደሙ።

«ኧረ እኔ ልንገርሽ ልጄ! ይሄ ሰውዬ አርባ ዓመት ሙሉ ሲቆጣኝ ነው የኖረው። በሩን ክፍት ተውሽው፣ መነጽሬን የት አደረግሽው፣ ወሬ አበዛሽ… አሁን ቤቱ ጭር አለብኝ። ቁጣው ናፈቀኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

ሹፌሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሳቁ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ጥድፊያን አንጀቷን በሏት፤ እኚህን ሰውዬ እንዲናገሩ ሳላደርግ አልተውም ብላ በልቧ ማለች።

ከቤታቸው ዕቃ አስር ቃላት ተመረጡ፣ ፎቷቸውም ካርድ ላይ ተለጠፈ። በር፣ መነጽር፣ ማንኪያ፣ ብርጭቆ፣ ወንበር፣ ፎጣ፣ ውሃ፣ መኪና፣ ሰዓት፣ ስልክ። ደንቡ ቀላል ነው። ሕመምተኛው ያለ ምንም ፍንጭ፣ በራሱ፣ ከአስሩ ስምንቱን ለአራት ሳምንት ከጠራ ግቡን መታ ይባላል፤ ፋይሉ ይዘጋል፣ ወንበሩ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ወረፋው ላይ አርባ ሰው አለ። ለጥድፊያም ይህ ፋይል የመጨረሻዋ ነው። መምህርቷ ከፈረመችበት የክሊኒክ ሰዓቷ ይሞላል፣ ትመረቃለች። አንድ የልጆች ትምህርት ቤትም በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሥራ ልትጀምርለት ቦታ ይዞላት እየጠበቃት ነው። ማዳመጫውን አውልቃ የምትጥልበትን ቀን በካላንደር ላይ በቀይ አክብባዋለች።

መጀመሪያ ሳምንት ሁለት ከአስር። ሁለተኛው ሳምንት አምስት። ከዚያ በኋላማ ሹፌሩ ተአምር ሠሩ። በሩን አሳየቻቸው፤ ትኩር ብለው ፊቷን አዩ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ «በ… በር!» መነጽር አሳየቻቸው፤ «መ… መነጽር!» ባለቤታቸው በደስታ ቦርሳቸውን ጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት ስምንት፣ በአራተኛው ስምንት፣ በአምስተኛው ስምንት፣ በስድስተኛው ስምንት። የሚያቅቷቸው ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ነበሩ፣ ሰዓትና ስልክ። ጥድፊያ ይህንንም በሪፖርቷ ላይ ረዘም ባለ የምሁር አነጋገር አብራራችው። ማብራሪያ ደግሞ መቼም አይጠፋ።

አንድ ነገር ብቻ አልጣማትም። ባለቤታቸው በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሹፌሩ ኮታቸውን ሲለብሱ ጠጋ አሏት።

«ልጄ፣ አይክፋሽና… እዚህ እንዲህ ይናገራል፤ ቤት ግን አንዲት ቃል የለችም። በሩ ፊት አቁሜው ይሄ ምንድን ነው ብለው ዝም ነው። አሁን ድኗል ብላችሁ ልታሰናብቱት ነው አሉ። ቤት ሳይናገር መዳን ምን ማለት ነው?»

«እማማ፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ጊዜ አይሰጧቸው ይሆናል» አለች ጥድፊያ በትህትና። «ቶሎ ቶሎ የሚጨርሱላቸው ከሆነ እኮ እሳቸው አይለምዱም።»

እንግዲህ ማን ለማን ነው የሚመክረው! ባለቤታቸው አፍረው ወደ ባላቸው ዞሩ፣ እሷም አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሮጠች።

በሰባተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጥድፊያ ጉንፋን ይዟት መጣች። ክሊኒኩ የሚያስነጥስ ሰው ማስክ ሳያደርግ ሕመምተኛ ፊት እንዲቀመጥ አይፈቅድም፤ እሷም ሰማያዊ ማስክ አፏ ላይ አድርጋ ገባች። አርብ ፋይሉ የሚዘጋበት ቀን ስለሆነ ዛሬ እንደው ለወጉ አንድ ጊዜ ካርዶቹን ማለፍ ነው አለች በሆዷ።

በሩን አሳየቻቸው። ሹፌሩ አዩአት። ዝም። ማንኪያ አሳየቻቸው፤ ዝም። ውሃ፤ «እ… እ…» ብለው ተዉት። አስሩም ካርድ አለቀ። ዜሮ። በመጨረሻ ሹፌሩ ደህናውን እጃቸውን አንስተው መጀመሪያ የራሳቸውን አፍ፣ ቀጥለው የእሷን ማስክ ጠቆሙ፣ እንደገናም ጠቆሙ።

«ጉንፋን ነው አባባ፣ ቀላል ነው፣ አያስቡ» አለቻቸው።

ሹፌሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ተነፈሱ። እሷም ወረቀቷ ላይ «ዛሬ ደክሟቸው ነበር» ብላ ጽፋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባች። አጠገቧ የሚቀመጠው የሥራ ባልደረባዋ ድምፁ ጎርናና ስለሆነና ዝም ስለማይል ሬዲዮ ይሉታል። ጥድፊያ የአንዲት ደንበኛ ረጅም ቅሬታ በዝምታ እየሰማች ሳለ ሬዲዮ ወንበሩን አዙሮ ፊቷን ያይ ጀመር። ስልኩ ሲዘጋ ሳቁን ለቀቀው።

«አንቺ ልጅ፣ ማስክሽ ውስጥ አይጥ አለ እንዴ?»

«ምን?»

«ሴትዮዋ ስታወራ አንቺ ዝም ብለሻል፣ ማስክሽ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል! ድሮም እኮ እንዲሁ ነሽ። ደንበኛው ሳይናገር አፍሽ ቀድሞ ይናገራል፣ ድምፅ የለውም እንጂ። አልነገሩሽም?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ አፍም ያው ነው ለካ። ጥድፊያ ክው አለች። ማዳመጫዋን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች፣ በሩን ቆለፈች፣ ማስኩን አወረደች፣ ካርዶቹን ከኪሷ አውጥታ መስታወቱ ፊት ቆመች። የበሩን ፎቶ አየች፣ ሹፌሩ ፊቷ ያሉ ይመስል «ይህ ምንድን ነው አባባ?» አለች፣ ዝም አለች፣ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ከንፈሮቿ ተጋጠሙና ቡፍ ሊሉ ተዘጋጁ። ልክ «በ» ለማለት እንደሚዘጋጅ ሰው። ፎጣ አነሳች፤ ሦስት ላይ የላይኛው ጥርሷ የታችኛው ከንፈሯ ላይ አረፈ። ውሃ፤ ከንፈሯ ሞጠሞጠ። ሰዓት አነሳች። አፏ ጥቂት ከፈት አለ እንጂ የሚታይ ነገር የለም፤ «ሰ» የሚሠራው ውስጥ፣ ምላስና ጥርስ መካከል ነው። ስልክም እንዲሁ።

ስምንቱ ከከንፈር የሚነሱ፣ ሁለቱ ከውስጥ የሚነሱ። ስምንት ከአስር።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሹፌሩ ቃሉን ከከንፈሯ ላይ ሲያነሱ ነው የከረሙት። ቤት ውስጥ ደግሞ ማን ከንፈሩን ያበድራቸው? እሷ በራሳቸው ተናገሩ ብላ ጽፋ፣ ፈርማ፣ አርብ ልታሰናብታቸው ነው። ጥድፊያ የመታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ፊቷ ቀልቶ ቆመች፤ እፍረቱ እስከ እግር ጥፍሯ ድረስ ተሰማት። ከውጭ አለቃው «ማዳመጫሽ ይጮሃል!» እያለ ይጣራል።

ምሽቱን ቤት ስትገባ አክስቷ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። አክስቷ የልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ግማሹ የሰው ቀሚስ ነው። ጥድፊያ ኮቷን ሳታወልቅ ሁሉንም ነገረቻት። አክስቷ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች ሰማቻት፣ አወለቀችውና ጠየቀች።

«ያየሽ ሰው አለ?»

«ማንም። መምህርቷ የምታየው ጀርባዬን ነው።»

«ጉንፋኑስ አርብ ድረስ ይለቅሻል?»

«ይለቀኛል።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው! አርብ ማስኩን ታወልቂያለሽ፣ ሰውዬው ስምንታቸውን ይላሉ፣ ሴትዮዋ ትፈርማለች፣ አለቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዳቦ እየነከሽ አውቶቡስ ላይ ያደግሽው ለዚህ ነው? ከተመረቅሽ በኋላ ለሰውዬው ታስቢላቸዋለሽ።»

«ወንበራቸው ይሄዳል አክስቴ። ወረፋው አርባ ሰው ነው። ተመልሰው የሚገቡት ከዓመት በኋላ ነው።»

አክስቷ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጥቁር ቀሚስ አነሳችና በትንሿ መቀስ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ትፈታው ጀመር። ክሩ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ጥድፊያ አየቻት። ዚፑ ዛሬ ጠዋት ሲያልቅ አይታው ነበር።

«ምን ሆኖ ነው የምትፈቺው?»

«የጣት ያህል ወደ ግራ ሄዷል።»

«ይታያል እንዴ?»

«ሴትዮዋ ስትለብሰው ከኋላዋ ነው፣ አታየውም።» አክስቷ ይህን እንደተናገረች መቀሷን ያዝ አደረገች። ቀና ብላ አየቻት፣ ተቆጣች። «ምን ታዪኛለሽ? ይሄ ልብስ ነው! ልብስና ዲግሪ አንድ ነው?»

አክስቷም ጥቂት አጉተምትማ መፍታቷን ቀጠለች፤ ቀስ ብላም «ሂጂና ንገሪያት ከሆነ ልብሽ የሚልሽ፣ ሂጂ» አለች። «የኔን ምክር ደግሞ መቼ ሰምተሽ ታውቂያለሽ።»

ረቡዕ ጠዋት ክፍል ከመግባቷ በፊት ጥድፊያ የመምህርቷን በር አንኳኳች። ሳትቀመጥ፣ እንደ ልማዷ በአንድ ትንፋሽ፣ ከማስኩ እስከ መስታወቱ አወጣችው። መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማቻት። ሲያልቅ ዝም አለች። ጥድፊያ ዝምታው ውስጥ ልትገባ፣ ሰበብ ልትጨምር፣ ይቅርታ ልትደግም ቃጣትና ተወችው። እስከ አስር ይሆናል፣ የሰው አስር።

«ማክሰኞ ዜሮ ሲሆኑ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ደክሟቸው ነበር ብዬ።»

«ደክሟቸው ነበር?»

«አይ። የሰጠሁት ፍንጭ ቀርቶባቸው ነው።»

መምህርቷ ፋይሉን ከመደርደሪያው አወጣች፣ ገልጣ የገዛ ፊርማዋን በየገጹ አየችው። «እኔም ስድስት ሳምንት ጀርባሽን እያየሁ ነው የፈረምኩት» አለች። «ወንበሩን ማዞር የኔ ሥራ ነበር። ይህን ለክፍሉ ኃላፊ እኔ እነግራለሁ። አንቺ ግን ይገባሻል፣ እነዚህ ሰዓቶች አይቆጠሩልሽም። የሚቀጥለውን ሴሚስተር ትደግሚያለሽ።»

«ትምህርት ቤቱ ቦታ ይዞልኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አባባስ?»

«እሳቸው ስማቸው ከዝርዝሩ አይወጣም። ከአንድ ትጀምራላችሁ።»

ትጀምራላችሁ ማለቷን ጥድፊያ ልብ ያለችው ኮሪደር ላይ ከወጣች በኋላ ነው። ሹፌሩን ለሌላ ተማሪ አልሰጠችባትም። ደረጃው ሥር ቆማ አለቀሰች፤ ትንሽ አይደለም፣ በደንብ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ደረጃውን አንድ አንዱን እየረገጠች ወጣች። ለትምህርት ቤቱ ስትደውል ርዕሰ መምህሩ አዝኖ «በርቺ» አላት፤ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ንግግሩ ዘጠና ሰከንድ እንኳ አልሞላም።

አርብ ክፍል ሦስት ስትገባ ወንበሮቹ ተዟዙረው ነበር። አሁን መስታወቱ ፊቷ ነው፤ መምህርቷ ከወዲያ ሆና አፏን እያየች ነው ማለት ነው። ሹፌሩ ስንብት መስሏቸው ክራቫት አስረው መጥተዋል። ባለቤታቸው ቦርሳቸውን እንዳቀፉ አኩርፈው ተቀምጠዋል። ጥድፊያ ካርዶቹን ሳታወጣ አስቀድማ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ከንፈሯ እንደሚቀድማቸው፣ ስምንቱ የእሳቸው ብቻ እንዳልነበረ፣ ስንብቱ እንደቀረ።

«እማማ፣ ቤት አይናገርም ሲሉኝ ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ ያልሰማሁዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አላልኩሽም!» አሉ ባለቤታቸው። ከዚያ የልጅቷን ፊት አይተው ቁጣቸው በረደ። «ኋላ ምን ታረጊ ልጄ፣ አላወቅሽ።»

ሹፌሩ ግን ይስቁ ነበር። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። በጣታቸው ዓይናቸውን ጠቆሙ፣ የእሷን ከንፈር ጠቆሙ፣ ከዚያ በአንድ እጃቸው መሪ እንደሚያዞር ሰው አየሩን አዞሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመስታወት የተሳፋሪ ፊት እያዩ ማን ሊወርድ እንደሆነ ሳይነገራቸው ያወቁ ሰው፣ የአንዲት ተማሪ ከንፈር ያቅታቸዋል? አውቀው ነው። ሊያታልሉ አይደለም፣ ሕክምናው እንዲህ የሚሰጥ መስሏቸው ነው እንጂ። ጥድፊያም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ መጣ።

ተጀመረ። የታችኛውን ከንፈሯን በጥርሷ ነክሳ ያዘችውና በሩን አሳየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሦስት ላይ ከንፈሯ ሊያመልጥ ሲታገል ተሰማት፤ ያዘችው። እዚያ አስር ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ አታውቅም ነበር። ቧንቧው ይንኮሻኮሻል። ኮሪደር ላይ አንድ ሰው ቁልፍ ይፈልጋል። የሹፌሩ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ይላል። አስር። ምንም። ዜሮ ጻፈች። ማንኪያ፣ ዜሮ። ፎጣ፣ ዜሮ። እጇ እየከበዳት ጻፈች፤ ይህን ሁሉ አሳልፌ ለዚህ ነው እንዴ የሚል ክፉ ሐሳብም መጣባት።

አራተኛው ካርድ መነጽር ነበር። ሹፌሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ባለቤታቸው ጥግ ላይ ሆነው ወንበሩን ያንቀጫቅጩታል፤ እያንዳንዱ ሰከንድ እሳቸውን ነው የሚወጋቸው። ሰባት ላይ መታገስ አቃታቸው።

«መነጽር በል እንጂ! ይኸው አፍንጫህ ላይ ያለው! መነጽ…»

ሹፌሩ ደህናውን እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ቀጥ አድርገው አነሱ። ፊታቸው ጠቆረ። ጉሮሯቸው ውስጥ አንድ ነገር ተያዘ፣ ተለቀቀ፣ ተያዘ። ጥድፊያ ቃሉን አወቀችው፤ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ መጣላት፣ አንድ ፊደል ብትረዳቸው ይወጣል። ከንፈሯን እስኪያማት ነከሰች።

«ቆ…» አሉ ሹፌሩ። «ቆ… ቆዪ!»

ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ ቁጣ የሞላበት የባል ድምፅ ነው። አስሩ ካርድ ላይ የለም። ማንም አላሳያቸውም፣ ማንም አላበደራቸውም።

ባለቤታቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ቦርሳቸው ከጉልበታቸው ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሱትም። ቀስ ብለው ወደ ጥድፊያ ዞሩ።

«ተቆጣኝ» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ሰማሽ ልጄ? ተቆጣኝ እኮ! ተቆጣኝ!» እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እየወረደ ይስቃሉ፤ ተነስተው የባላቸውን ትከሻ በሁለት እጃቸው ያዙ። «እሰይ! ተቆጣኝ፣ ደግመህ ተቆጣኝ የኔ ጌታ፣ ወሬ አበዛሁ አይደል? አበዛሁ!»

ሹፌሩ ራሳቸው የሰሙትን ድምፅ ማመን ያቃታቸው ይመስል ደህናውን እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ዳሰሱት። ከዚያ የሚስታቸውን እጅ ፈልገው ያዙት።

ጥድፊያ ወረቀቷን ሳበች። ከመነጽር አጠገብ ዜሮ ጻፈች፤ መነጽር አላሉማ። ከሠንጠረዡ ውጭ፣ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ «ቆዪ። ያለ ፍንጭ፣ በራሳቸው» ብላ ጻፈች። ያን ሴሚስተር በሙሉ ከጻፈችው ሁሉ ምንም ስጋት ሳይኖርባት የፈረመችበት ይህ መስመር ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ እንደቀራቸው ይናገራል። ባለቤታቸው ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፣ ቁጭ አሉ፣ ካርድ ሲነሳ ባዩ ጊዜ በሁለት እጃቸው የገዛ አፋቸውን ጥርቅም አድርገው ያዙ።

«ይህ ምንድን ነው አባባ?» አለች ጥድፊያ። ከንፈሯን ነክሳ መጠበቅ ጀመረች።